የግራኟ ቋጠሮ

ዶንዱ የተወለደችው ምንጣፍ ከሚሠራበት ቤት ነው፤ ሆኖም እስከ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ አንዲት ቋጠሮ እንኳ ቋጥራ አታውቅም ነበር። ጥፋቷ ግራኝ መሆኗ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር እንዲሉ፣ እህቶቿ ቀኝ እጅ ይዘው መጡ፤ እሷ ግራ። በሲንድርጊ ተራሮች ካሉት መንደሮች እናቷን ጉልሱምን የሚስተካከል ምንጣፍ ሠሪ አልነበረም፤ ጉልሱም ደግሞ ወለም ዘለም አታውቅም። «ግራኝ ከምንጣፍ መሥሪያው አትቀመጥም፤ ከጎኗ ያለችውን በክርኗ ስትጎስም ትውላለች» አለች፤ በቃ። ዶንዱ ከመሥሪያው ጀርባ፣ ከድሩ ማዶ ተቀምጣ ክር ስታቀብል አደገች። በክሮቹ መሃል የእናቷን ጣቶች እያየች፣ እየቀናች።

ዘንድሮ ከተማው ውስጥ ለጀማሪዎች የምንጣፍ ትምህርት ተከፈተ ሲባል ሰማችና ተመዘገበች። ለእናቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። ጉልሱም ሰማንያን ካለፈች ቆይታለች፤ ዓይኗም ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ምላሷ ግን አልደከመም። ስለዚህ ዶንዱ «ሐኪሙ በእግርሽ ተንቀሳቀሺ ብሎኛል» እያለች ትወጣ ጀመር። የልቧ ምኞት አንድ ነበር፤ እናቷ በሕይወት ሳለች፣ ጣቷም ሳይደነዝዝ፣ የሠራችውን ምንጣፍ እንድትዳስስላት።

መምህርቷ ነርሚን ከዶንዱ ልጆች የምታንስ ናት። ክሩን በሁለት ድሮች ላይ ጠምጥማ፣ ሁለቱን ጫፎች በመሃላቸው አውጥታ ቁልቁል ሳበችና በቢላዋ ቆረጠችው።

«ይኸው ነው። ረድፉ ሲያልቅ ማግ ታስገቡና በብረት ማበጠሪያው ትመቱታላችሁ።»

ዶንዱን ከመሥሪያው በስተቀኝ፣ ሃምዲዬ የምትባለውን የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ደግሞ ከግራዋ አስቀመጠች። አንድ ረድፍ እንኳ ሳያልቅ ጠቡ ተጀመረ።

«ኧረ ጎኔን! ሴትዮ፣ ምንጣፍ ነው የምትሠሪው ወይስ እኔን ነው የምትደበድቢው?»

«አንቺስ ክርንሽን ብትሰበስቢው?»

«የት ልሰብስበው፣ ሆዴ ውስጥ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ዶንዱ ግን እንባዋ መጣ። እናቷ ያለችው ደረሰ። ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ ተነሳች።

«ወዴት ነው እትዬ ዶንዱ?» አለች ነርሚን።

«ወደ ቤቴ። ግራኝ ነኝ፣ ልጄ። ግራኝ እዚህ አይቀመጥም።»

«ማን አለ?»

«እናቴ።»

ነርሚን ሁለቱንም አየት አየት አደረገቻቸው። «የኛ ቋጠሮ ሁለቱን ድሮች እኩል ነው የሚያቅፈው፤ ግራና ቀኝ አያውቅም። ያስቸገረው ክርን ነው አይደል? እንግዲያው ቦታ ተለዋወጡ።»

ተለዋወጡ። የዶንዱ ግራ ክርን ወደ ግድግዳው፣ የሃምዲዬ ቀኝ ክርን ወደ መስኮቱ ሆነ። የሚነካካ ጠፋ። ዶንዱ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተናደደች። ያን ሁሉ ዘመን ወንበር ፈቀቅ ማድረግ ለአንድ ሰው እንኳ አይታየው? ንዴቷ ግን ሻይ እስኪመጣ እንኳ አልቆየም፤ እጇ ሥራ አግኝቶ ነበር። ጣቶቿ የቆየ ጉዳይ እንዳለባቸው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ቋጠሩ።

«ይህቺ ምን ጀማሪ ናት! ዋሽታ ነው የተመዘገበችው» አለች ሃምዲዬ ቀለበት መሳይ ዳቦዋን፣ ሲሚቷን እያኘከች።

የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ትንሿ ምንጣፍ ከመሥሪያው ተቆርጣ ወረደች። መደቧ ጥቁር ሰማያዊ፣ ኮከቦቿ ቀይ። «አንቺ ቅደሚና ውሰጃት፤ የኔ ቤት ዱቄት ብቻ ነው» አለች ሃምዲዬ። ዶንዱ ወስዳ፣ ምድጃው አጠገብ በተቀመጠችው እናቷ ጉልበት ላይ ምንም ሳትናገር ዘረጋችው።

ጉልሱም መጀመሪያ አሸተተችው። «እኔማ ከጠረጠርኩ ቆይቻለሁ። ሐኪምሽ ሱፍ ሱፍ ይሸታል።»

ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን ከአንዱ ጫፍ መዳሰስ ያዘች። «ይሄ የማን ነው? ላላ ብሏል። የወሬኛ ሥራ ነው።» ይብላኝ ለሃምዲዬ! የጉልሱም ጣቶች ወደ ሌላው ግማሽ ተሻገሩ። የእናቷ ጣት ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ይሄኛው የኔ ነው።»

«ያንቺ አይደለም፣ እማዬ። አንቺ ከተውሽው ስንት ዘመንሽ!»

«የራሴን ምት አላውቅም እንዴ? ረድፉ ጫፍ ላይ ማበጠሪያውን ደግሜ የምመታ እኔ ብቻ ነኝ። ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ከማዶ ሆኜ አይሽ ነበር።»

የአሮጊቷ ጣቶች ከምንጣፉ ላይ ተነሱ። ከድሩ ማዶ ሆና ፊት ለፊት ለምታይ ልጅ፣ የእናቷ ቀኝ እጅ የሚውለው በእሷ ግራ በኩል ነው።

«ማዶ መቀመጥ አልነበረብሽም» አለች ጉልሱም በመጨረሻ። የልጇን ግራ እጅ ፈልጋ ያዘችና እንደ ምንጣፉ ጣት በጣት ዳሰሰችው። ዶንዱ አንጀቷ ራሰ። ጉልሱም ግን ወዲያው ጉሮሮዋን ጠራርጋ ወደ ልማዷ ተመለሰች።

«በይ ጎተራ ያለውን መሥሪያ አውጪው። ቀለሙን አንቺ ትነግሪኛለሽ፤ ጣቴ እንደሆነ አልታወረም።»

«አሁን?»

«ሲነጋ እንጂ፣ ምን ያጣድፍሻል? ሁለት ወንበር አድርጊ። እኔ በቀኝ፣ አንቺ በግራ።»