ውሃ ረጭተው የሚጠርጉት ሴት

መጀመሪያ ያየኋቸው ወለሉ ላይ ውሃ ሲረጩ ነው፤ ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው። ስዊድን አገር፣ ሜርስታ ውስጥ ያረጁ ባትሪዎች ተለይተው በሚፈቱበት አዳራሽ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሊጀመር ሲል፣ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ እያፈሰሱ ከመጥረጊያቸው ፊት ጠብ ጠብ ያደርጉ ነበር። ከኮንጎ የመጡ፣ በአሥር ዓመት ያህል የሚበልጡኝ ሴት ናቸው። የምንግባባበት ስዊድንኛ ታላቅና ታናሽ ባይለይም፣ እኔ በልቤ «እርስዎ» ከማለት ወጥቼ አላውቅም።

ውሃውን ሳይ ደስ አለኝ። እናቴም ሳትረጭ ጠርጋ አታውቅም ነበርና የሁለታችን አገር ወግ የገጠመ መሰለኝ፤ ይህንኑ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉና ልማዱን ያመጡት ከቤታቸው ሳይሆን ከማዕድን ማውጫው መሆኑን አጫወቱኝ። በአገራቸው ደቡብ፣ ኮባልት ከሚቆፈርበት አጠገብ፣ ድንጋይ ሲሰብሩና ሲያጥቡ ኖረዋል። መንደራቸው ለጉድጓዱ ሲባል ሲነሣ ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ወንዝ ውስጥ ቆመው ሲያጥቡ ቆዳቸው ይቆስል ነበር። እዚያው ይቆፍሩ የነበሩት ባለቤታቸው የአፍ መሸፈኛ ይሰጠን ብለው በጠየቁ ማግሥት ዘበኞች ከበር መለሷቸው። በኋላ ሥራ ቢፈቀድላቸውም አቧራው ሳንባቸውን ጨርሶት ነበር፤ ከአልጋቸው እስከ በሩ መራመድ አቅቷቸው አረፉ። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ወይም እኔ በትዝታዬ ያስቀረሁት እርጋታቸውን ብቻ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረ ሰው ነኝ፤ በአዳራሹ ሰዎች ዘንድ ስሜ «ፕሮፌሰር» ነበር፣ ለቀልድ። ከተሰበሩት ባትሪዎች የሚረግፈው ጥቁር ዱቄት ኮባልት እንዳለበት፣ ሳንባም እንደሚጎዳ አውቃለሁ። እያወቅሁ ለወራት በደረቁ ጠርጌዋለሁ። እሳቸው የሚያውቁት በሳላቸው ነው፤ ዱቄቱን ባዩበት የመጀመሪያ ቀን ጠርሙሳቸውን ሞሉ።

በዚያ ሰሞን ጊዜያዊ ውላቸው በወሩ መጨረሻ ሊያበቃ ነበር። እኛ ፋስት የምንለውን ቋሚ ቅጥር ካላገኙ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም አጠራጣሪ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ ባለ ሰሞን ነው አለቃችን፣ ትሑት የሆነ ወጣት ስዊድናዊ፣ ባትሪ ባለበት ውሃ አደገኛ ነው ብሎ መርጨቱን የከለከላቸው። እውነቱን ለመናገር ትክክል ነበር። እሳቸውም የጠርሙሱን ክዳን ገጠሙ። ከዚያ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ውሃው ይቅር» አሉ። «በደረቁ ግን አልጠርግም።»

አለቃችን ሌሎቹ እየጠረጉ መሆኑን አስታወሳቸውና ወደ እኔ ጠቆመ። እሳቸው ዞረውም አላዩኝ። የሠራተኞች የደኅንነት ተወካይ፣ ስዊድኖቹ ሹድስኦምቡድ የሚሉት፣ እንዲጠራላቸው ጠየቁ። ተወካዩ አደጋ ካየ ሥራ ማስቆም እንደሚችል ልብስ በምንቀይርበት ክፍል ተለጥፎ ነበር። እሳቸው በዚያ ደካማ ስዊድንኛቸው ፊደል እየቆጠሩ አንብበውታል። እኔ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ።

ተወካዩ መጣ፣ ዱቄቱን አየ፣ ሥራው ቆመ። አቧራ የሚስብ ማሽንና ለሁላችንም ማስክ እስኪመጣ አዳራሹ ተዘጋ። ስለ ውላቸው ግን እስከ ወሩ የመጨረሻ ቀን ማንም ትንፍሽ አላለም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ አዳራሹ እንደገና ከተከፈተ በኋላ በየጠዋቱ በሰዓታቸው ይገባሉ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። በመጨረሻው ቀን አለቃችን ራሱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ፋስት ነበር። ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙ።

ይህን ታሪክ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለወዳጆቼ ስተርክ፣ ያን ጠዋት ከጎናቸው ቆሜ፣ ዱቄቱ ምን እንደያዘ ለአለቃችን ዘርዝሬ እንደነገርኩት አድርጌ ነው። ድምፄ ሳይቀር ይሰማኛል። ሰሞኑን ግን ተጠራጠርኩ። ኡፕላንድስ ቬስቢ ጣቢያ ላይ፣ ፔንደልቶግ በምንለው ባቡር ውስጥ ስንገናኝ ጠየቅኋቸው። ሳቁ፤ ሳቁም ወደዚያ ወደማይተዋቸው ሳል ተለወጠ።

«አንተማ መጥረጊያህን እንደ ጦር ይዘህ ቆመህ ነበር፣ ፕሮፌሰር» አሉ። «አንድ ቃል ከአፍህ አልወጣም።»

ስለ ኮባልቱ መናገሬን አጥብቄ እንደማስታውስ ነገርኳቸው።

«ለተወካዩ ነው የተናገርኸው። ያውም እኔ ‘ይሄ የተማረ ነው፣ ጠይቀው’ ካልኩት በኋላ።» «ደኅና አድርገህ ተናገርህ» ሲሉም ጨመሩ።

የእሳቸውን ትዝታ ከእኔው አስበልጬ ይዣለሁ። እኔን ሊያስደስቱ የጨመሩት ነገር ቢኖር የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ይመስለኛል።

ሜርስታ ወረድን። አዳራሹ ውስጥ አቧራ የሚስበውን ማሽን ላስነሣ ስል፣ እንደ ሁልጊዜው ቀረብ ብለው፣ ማስኬ አፍንጫዬ ላይ በደንብ መግጠሙን በጣታቸው ተጭነው አዩ።