መምህር ደሳለ በዚያ ፎቶ ላይ ለምን ጀርባቸውን ሰጡ

መምህር ደሳለ ሞቱ ይሉኛል።

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ፎቷቸው ከነሻማው ተደርድሮ አየሁ። አላመንኩም። ፍላቂት ያለችው የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። «አዎ፣ ትናንት አረፉ፤ ሬሳቸው በጋሸና በኩል ወደ እናንተ እየመጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን የያዝኩት በግድ ነው።

እኔ እንኳን ፌስቡክ ላይ ልጽፍ፣ ሰው ፊትም ብዙ አልናገርም። ዛሬ ግን የእናንተን ሐዘን ሳነብ ዋልኩና አንገፈገፈኝ።

«ትሑት ነበሩ፤ ካሜራ አይወዱም ነበር» እያላችሁ ያቺኑ ፎቶ ትቀባበላላችሁ። ነጭ ቲሸርት የለበሱ እንግዶች ፌስታል እየለቀሙ ይስቃሉ፤ መምህር ከኋላ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ትሕትና መሰላችሁ?

በሕይወት እያሉ «አባ ፌስታል» ያላችኋቸው እናንተው አይደላችሁም? ገና ባለፈ ቁጥር ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ተሳላሚው የጣለውን ባዶ ሃይላንድ ሲለቅሙ፣ ባጃጅ አቁማችሁ «አባ ፌስታል፣ ይቺንም ጨምሩባት!» እያላችሁ ትወረውሩ ነበር። እሳቸው አንስተው እጃችሁ ላይ ይመልሱላችኋል። «ጣልኩት አትበል ልጄ፤ የት እንዳስቀመጥከው ንገረኝ።» እዚህ ላሊበላ የተማረ ልጅ ሁሉ ይህን በቃሉ ያውቀዋል።

እኔ በትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ከአጥሩ በታች ያለ ገበሬ በጉ ሞታበት «ቡዳ በላብኝ!» እያለ ይጮሃል። ጎረቤቱን ሊከስ ምንም አልቀረውም። መምህር አንድ ክፍል ተማሪ ይዘው ወረዱ።

«ቡዳው ማን እንደሆነ እንየው፤ ሆዷን ክፈትልኝ» አሉት።

ከጨጓራዋ የተጠቀለለ ሰማያዊ ፌስታል ወጣ፣ ከነሲባጎው፣ ቡጢ ያህል። አጥበው ዘረጉትና ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «እንግዲህ ይህን ቡዳ ከየትኛው ሱቅ ነው የገዛነው?»

ገበሬው መሬት መሬት እያየ «መምህር፣ ጨው ያመጣሁበት ነው። እኔው ነኝ» አለ። ጎረቤቱ በዚያው ተረፈ።

ሰኔ ላይ ደግሞ ተማሪው ከጨረሰው ደብተር ያልተጻፈበትን ቅጠል ያስገነጥሉና አዲስ ደብተር ያሰፉ ነበር። የምሰፋው እኔ ነኝ፣ በጆንያ መርፌ። የተጻፈበትን ቤቴ ወሰድኩት፤ ማንበብ የተማርኩት ከእሱ ነው። ይህን የሚያውቁት መምህር ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ፎቶዋ።

የጽዳት ዘመቻ ተብሎ ከላይ እንግዶች መጡ። ግቢው ግን ጸድቶ ነበር። ተማሪዎቹ ሳምንት ሙሉ ለቅመው፣ ለይተው፣ በጆንያ አስረው ጨርሰዋል። ካሜራ የያዘው ሰው «ምን ልንቀርጽ ነው? ምንም የለም እኮ» አለ። ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። አንቱ የማልለው ሆን ብዬ ነው።

«እታገኝ፣ ጆንያውን ገልብጪው።»

«ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ሳምንት የለፉበት ነው።»

«ገልብጪ ነው የምልሽ! ላንቺ ጆንያ እንግዳ ይቁም እንዴ?»

ገለበጥኩት። አዎ፣ እኔ ነኝ።

እንግዶቹ ቲሸርታቸውን ከታሸገበት ላስቲክ እያወጡ ላስቲኩንም እዚያው ላይ ጣሉት። ለካሜራው ጥቂት አጎንብሰው ምሳ ሄዱ። ነፋሱ ግማሹን ወደ ገብሱ ማሳ ይዞት ወረደ። ልጆቹ ቆመው ያያሉ። ያቺ ፎቶ የተነሣችው እንግዶቹ ለካሜራው ባጎነበሱበት ሰዓት ነው። መምህር ዞር ያሉት ዓይን አፋር ሆነው አይደለም፤ እኛን ማየት ተጸይፈው ነው።

በኋላ ስብሰባ ላይ መምህር የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ርዕሰ መምህሩ «ስም ማጥፋት ነው! ማን አየ?» አለና እኔን አስጠራ።

«እኔ አላየሁም» አልኩ። ጆንያውን የገለበጠ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ።

ከተማሪዎቹ ጋር የሚመሩትን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ቀሟቸው። ወደ ፍላቂት አዛወሯቸው። ክበቡ አሁን በር ላይ የተቀባ ሰሌዳ አለው፤ ሌላ ምንም የለውም። እናንተም «ተገላገልን» ብላችሁ ነበር፤ ዛሬ ሻማ ትለጥፋላችሁ። ከእናንተ የምሻል እንዳይመስላችሁ። ሲሰናበቱኝ «እታገኝ፣ ልጆች ታሳድጊያለሽ፤ ይገባኛል» ነው ያሉኝ። ምነው በሰደቡኝ።

ዛሬ ከሰዓት ቢሮ ስጠርግ ርዕሰ መምህሩ ነገ ቀብር ላይ የሚያነበውን የሕይወት ታሪካቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶት ወጣ። እኔ ፊደል የማውቅ አይመስለውም። አነበብኩት። «ክበቡን በራሳቸው ፈቃድ ለተተኪ አስረክበው» ይላል።

በራሳቸው ፈቃድ! ሰውዬውን ከሥራቸው ነቅሎ ሲያበቃ፣ ሞተውም ይዋሹለት ነው የሚለው። እናንተም ከንፈር እየመጠጣችሁ ልትሰሙት ነው።

መምህር፣ አንቱ ቄስ አይደሉም፤ ግን ይፍቱኝ። እነ ርዕሰ መምህሩ ከሥራ ቢያባርሩኝ መጥረጊያቸውን ይረከቡኝ። ክፍል ገብቼ ተምሬ ስለማላውቅ እጅ አውጥቼ አላውቅም። ነገ ያቺ መስመር ስትነበብ አወጣለሁ።

እስከዚያው ደህና ይደሩ።