በሊቃውንት ገበታ ላይ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ስለ እንሰት በሽታ የሚመክሩ ሊቃውንት ወልቂጤ ተሰበሰቡ። እኔ ችግኝ የምንከባከብ ትንሽ ሠራተኛ ነበርኩ። በግብዣው ላይ ያን ሁሉ ሊቅና የሚያብረቀርቅ ሹካ እያየሁ ተደንቄ ከአለቃዬ ከአቶ ሽባባው አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እንዳታዋርደኝ! እኔን እያየህ ብላ» አሉኝ።

ሹካው ሁሉ ሲነሣ የእኔ እጅ እምቢ አለ።

«ምን ሆንክ ዳምጤ?»

«ጌታዬ፣ በእኛ አገር ሽማግሌ ሳይመርቅ አይበላም።»

«በቃ፣ አዋረድከኝ!»

ከፊታችን የነበሩት ከውጭ አገር የመጡ ሽበታም ፕሮፌሰር ነገሩን በአስተርጓሚ ጠየቁ። ሲነገራቸው ሹካቸውን አስቀምጠው ተነሡ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው በቋንቋቸው መረቁ። ሊቃውንቱም አብረው ቆሙ። ቃሉ ባይገባኝም «አሜን» አልኩ፤ አዳራሹም ተከተለኝ።

አቶ ሽባባው ወደ እኔ ዞር አሉ። «በል እንግዲህ፣ ብላ አቶ ዳምጤ።»