የሁለቱ እርኩሞች ፊት

የሙዚየሙ ቀለም ቀቢ አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። የቋሚነት ደብዳቤዋ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ይፈረማል፤ ያውም ዳይሬክተሩ አዲሱን የወፎች አዳራሽ ሲመርቁ ሥራዋን ካዩ በኋላ።

ሥራዋ ሁለት እርኩሞች ናቸው። የሞተ እርኩም ቆዳው ተሞልቶ ሲደርቅ ላባው አይለወጥም፤ ላባ የሌለው ፊቱ ግን የአሮጌ ጫማ መልክ ይይዛል። ለዚያ ፊት በቀለም ሕይወት መስጠት የእሷ ፋንታ ነው። የሰሜኑ የእርኩም ዝርያ ፊቱ ሰማያዊ፣ የደቡቡ ቀይ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ከወፎቹ ጋር አስተያየች።

«እታለም፣ እንዳትቆጪኝ። ፎቶው ላይ ሰማያዊው እርኩም መንቁሩ ላይ የተቆረጠ ቱቦ የመሰለ ጉብታ አለው። ያንቺ ባለ ቱቦ ግን ቀይ ነው።»

ቀለም ቀቢዋ ክው አለች። ትናንት ቀለም እንዳይነካቸው መንቁሮቹን በጋዜጣ ጠቅልላቸው ነበር። ከተጠቀለሉ ደግሞ ሁለቱም ያው ጥቁር ወፍ ናቸው።

«ስትጠርጊ አንስተሻቸው ነበር እንዴ?»

«አንስቼማ መልሻለሁ!»

«የቱን የት?»

«ጠረጴዛው ላይ ነዋ!»

ሳቅ አፈናት። እየሳቀች ብሩሽ አነሳች። ዘበኛው ከጎረቤት ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተውሰው እየሮጡ መጡ።

«ጋሼ፣ ራቅ ያድርጉት! ሊጠብሱት ነው?»

«ዝም በይ፣ ሙሽራዬን ልኳልበት!»

ሁለተኛው ፊት ገና እንዳለቀ እንግዶቹ ገቡ። ዳይሬክተሩ «አትንኩ» የሚለውን ጽሑፍ አልፈው የሰሜኑን እርኩም ጉንጭ ዳሰሱ። «ነፍስ ያለው ነው የሚመስለው!» አሉና አፍንጫቸውን አከኩ።

አፍንጫቸው ሰማያዊ ሆነ። እንግዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ዘበኛው ማድረቂያውን ከጀርባቸው እንደደበቁ ሳል ያዛቸው።

ዝም ብትል ደብዳቤዋ ሊፈረም ነው። ግን ሰውዬው በዚያ አፍንጫ ንግግር ሊያደርጉ ነው።

«ጌታዬ፣ ቀለሙ አልደረቀም። ትናንት አቀያይሬ ቀብቻቸው፣ አሁን ነው ያስተካከልኩት። አፍንጫዎትንም ነክቷል።»

ዳይሬክተሩ ዞረው በመስኮቱ መስታወት ራሳቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ቀዩ፣ መልሰው ወደ ሰማያዊው እርኩም ተመለከቱ።

«እኔ የሰሜኑ ነኝ ማለት ነው» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዳይሬክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ጉንጫቸውንም ሰማያዊ እያደረጉ፣ ደብዳቤውን አስመጥተው ፈረሙ። ከፊርማው አጠገብ ሰማያዊ አውራ ጣታቸው ታተመ።

«ይሄማ ቆሽሿል» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው እጁን ዘርግቶ። «እንደገና ይተየብ።»

«ምን ሲደረግ!» አለች ቀለም ቀቢዋ፤ ደብዳቤውን በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ፣ እስኪደርቅ እፍ እያለችበት፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።