ጋሪያችን ሲርኩሌ

ጅቡቲ ስገባ ፈረንሳይኛ የሚባል አንድም ቃል አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ሲርኩሌ» ነው፤ እሱንም የተማርኩት በስህተት ነው። የምሳ ጋሪያችንን ለገሃር ፊት ለፊት አቁመን ምስር ወጥ ስንጨልፍ አንድ ዘበኛ መጣና ጋሪውን በዱላው መታ መታ አድርጎ «ሲርኩሌ!» አለኝ። ምሳ ያዘዘ መስሎኝ ሳህን ሞልቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ በላ። አፉን ጠርጎ ሲያበቃ አሁንም «ሲርኩሌ!» አለ። ምን ዓይነት ሆዳም ነው ብዬ በልቤ እየሰደብኩ ደገምኩለት።

የባቡር ሠራተኞቹ በሳቅ ሞቱ። «እሜቴ፣ ሰውዬው እኮ ከዚህ ሂጂልኝ ነው የሚልሽ» አለኝ አንዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሪያችን ስም ሲርኩሌ ሆኖ ቀረ። ምሳውም በዚያው ስም ይጠራ ጀመር። «አንድ ሲርኩሌ፣ እንጀራው ይርጠብ» ይሉናል። እኔን ግን ቀልዱ ቶሎ ሰለቸኝ፤ ጋሪውን የምገፋው እኔ ነኛ።

ጋሪው የእትዬ ነበር። እትዬ የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ሆነው አይደለም። ባሌን ወባ ከወሰደብኝ በኋላ ጎጇቸው ውስጥ አስጠግተው ሥራ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ለሠራተኛው ወጥ እየሠሩ ከድንኳን ድንኳን ሲዞሩ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸው ያለቀው እዚያ ነው። እኔ ስደርስ ከአልጋቸው ተነሥተው እበሩ ድረስ ለመሄድ ግድግዳ ይደግፉ ነበር። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር። «ሳልሞት አንድ ቦታ፣ ጥላ ሥር፣ ማንም ተነሺ ሳይለኝ ቁጭ ብዬ ልሽጥ» ይሉኛል። ይህን ሲሉ ሆዴ ይባባል፤ ደግሞም በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚሉት ይሰለቸኛል።

ቦታ በተቀየረ ቁጥር ዋጋውም አብሮ ይቀየራል። ለገሃር ስንቆም ውሃው ቅርብ ነው፤ ምሳው አንድ ፍራንክ ይሆናል። ወደቡ ጋ ውሃ የምንገዛው ከግመል ነጂዎች ስለሆነ አንድ ተኩል እናደርገዋለን፤ ጆንያ ተሸካሚዎቹም ያጉረመርማሉ። ከወደቡ ስንባረር ወደ ጨው ማምረቻው እንወርዳለን። እሱ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ጥላ የለም፣ ነጩ ጨው ዓይን ይወጋል፣ ሰዉም ከአንድ ፍራንክ በላይ አይከፍልም። እዚያ ዋጋ መጨመር ስለማይቻል እትዬ ጭልፋውን አሳነሱት። «ዋጋው ያው ነው፣ ያነሰው ጭልፋው ነው» ይላሉ፣ ልክ ጭልፋው በራሱ ጊዜ እንደተሸበሸበ።

በመጨረሻ ወደቡ አጠገብ የአንድ የየመን ነጋዴ መጋዘን አገኘን። ረጅም ግድግዳ አለው፤ እትዬ ጥላውን ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ችግሩ የወደቡ ዘበኛ ነበር። ቆሞ መሸጥ ክልክል ነው፣ ጋሪ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። እትዬ መላ መቱ። ዘበኛው ብቅ ብሎ «ሲርኩሌ!» ሲል እኔ ጋሪውን መንኮራኩሩ አንድ ጊዜ እስኪዞር ገፋ አደርጋለሁ፤ ተንቀሳቀስን ማለት ነው። እሱም ትእዛዙ ስለተፈጸመ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ጥላውም ከፀሐይዋ ጋር ስለሚሸሽ እኛም አብረን እንሸሻለን። በላተኞቹ «አልሸሹም፣ ዞር አሉ» እያሉ ሳህናቸውን ይዘው ይከተሉናል።

መንኮራኩሮቹን እትዬ «እግሬ» ነበር የሚሏቸው። «እግሬን ሞራ ቅቢልኝ፣ ይንጫጫል» ይሉኛል። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም፣ በሰፈራችን ሞራ የሚቀምስ ጋሪያችን ብቻ ነበር። «እግሬ» ማለታቸውም ያለ ነገር አልነበረም። ጠዋት ከድስቶቹ ጋር ጭኜ አመጣቸዋለሁ፤ ሲመሽ ከባዶ ድስቶች መካከል ቁጭ አድርጌ እየገፋሁ እመልሳቸዋለሁ። ሐምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ በሚነፍስበት ወር አሸዋው ፊቴን እየገረፈኝ ስገፋ፣ እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው «ቀስ በይ፣ ሙሽራ ነው የያዝሽው» ይሉኛል። የማልስቅበት ቀን ይበዛ ነበር።

ከሁለት ክረምት በኋላ የመጋዘኑ ባለቤት አዘነልንና ቢሮ ገብቶ አማለደን። የመጣው መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ መንኮራኩር ያለው ነገር ጋሪ ነው፣ ጋሪ ይንቀሳቀሳል። መንኮራኩር የሌለው ሱቅ ነው፣ ሱቅ ባለበት ይቆማል። እትዬ ይህን ሲሰሙ እልል አሉ። በማግሥቱ መንኮራኩሮቹን አስነቅለን ለአንድ ውሃ ሻጭ ሸጥንና በገንዘቡ የሱቅ ፈቃድ አወጣን። ጋሪዋን አራት ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት።

የዚያን ቀን የእትዬን ፊት ባየህ። በርጩማቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው እንደ ባላባት ተቀመጡ። ዘበኛው መጣ፣ ከልማዱ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። እትዬ ጠርተው ምሳ ጋበዙት። ጥላው ሲሸሽ እንኳ አልተነሡም፤ ማቅ ወጠርንላቸው። እኔም የደረሰብኝ ድካም ሁሉ የተከፈለኝ መሰለኝ።

ሲመሽ ድስቶቹን አጥቤ ጨረስኩ። እትዬ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡና እንደ ሁልጊዜው እጃቸውን የጋሪዋ ጠርዝ ላይ አድርገው ላይዋ ላይ እስካወጣቸው ጠበቁኝ። እኔም ልደግፋቸው ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ሁለታችንም ድንጋዮቹን አየናቸው። ሁለት ሴቶች ስንት ጊዜ ስናወራው ከርመን፣ ማታ እንዴት እንደምንገባ አንዳችንም አላሰብንም።

ጆንያ ተሸካሚዎቹ ተባብረው ወሰዷቸው። በመንገድ ሁሉ ነጠላቸውን ከፊታቸው አላነሡም። በማግሥቱ ሰው ልቅጠር ብላቸው «እንደ ጆንያ ሁለተኛ አልሸከምም» አሉ። ፈቃዱ ይቅርብን፣ መንኮራኩር ገዝተን እንደ ድሮው እንዙር አልኳቸው። «ደሞ አንቺን ልግደልሽ? ጥላው ለአንዳችን እንኳ ይሁን» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ የመጋዘኑን ግድግዳ አላዩትም።

ባዶው በርጩማ አጠገብ መሸጥ ጋሪ ከመግፋት ይልቅ አደከመኝ። ከሥራ ስገባ ምሳቸውን በቆርቆሮ ይዤላቸው እሄዳለሁ። «ዛሬ የት ቆማችሁ?» ይሉኛል። «እዚያው» እላለሁ። «ምሳው ስንት ገባ?» «ያው ነው።» ከዚህ በኋላ ወሬ የለንም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

አንድ ቀን ይህ ዝምታ ሲያንገሸግሸኝ «ዘበኛው አባረረን፣ ጨው ማምረቻ ወረድን» አልኳቸው። ቀና ብለው ተቀመጡ።

«አፈር ይብላ! ጥላስ?»

«ምን ጥላ አለ እዚያ።»

«ዋጋ ጨመርሽ?»

«ጭልፋውን አሳነስኩት።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ መንገድ ፈጥሬ እገባ ጀመር። ቀን እሸጣለሁ፣ ሲመሽ ስንዞር የዋልን አስመስዬ አወራለሁ። ዛሬ ለገሃር፣ ዛሬ ገበያው ጀርባ፣ ዛሬ ወደቡ፣ ለእያንዳንዱም የራሱን ዋጋ። አምነውኝ ይሁን ወይም አዝነውልኝ እስካሁን አላውቅም።

በመጨረሻው ሰሞን ምሳውን መቅመስ ተዉ። አንድ አመሻሽ ላይ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ነገስ?» አሉኝ።

«ሲርኩሌ ብሎናል፣ እትዬ። ነገ ለገሃር ነን፤ አብረን ነው የምንሄደው።»

«እንግዲያው እግሬን ሞራ ቅቢልኝ» አሉ።

እሺ አልኳቸው። ሞራው ከነጣሳው ከበሩ ኋላ እንደተቀመጠ ነበር። አመጣሁና ልብሳቸውን ገልጬ ሁለቱን ጉልበታቸውን ቀባኋቸው።