የአንቲዮጉ ግራ ዓይን

ባሌ አንቲዮጉ የአውሮፓ የቡጢ ሻምፒዮን በነበረበት ዘመን በደሴታችን በሰርዲኒያ ውስጥ እሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ግን የማውቀው ገላውን ነው፤ የትኛው ጎኑ እንደሚወጋው፣ የትኛው ጣቱ እንደማይታጠፍ። ጋዜጣ የጻፈውን ተዉትና እኔን ስሙኝ።

የተወለደው እዚሁ፣ ከሰል በሚወጣበት ከተማችን ነው። አባቱን የጉድጓዱ አቧራ ሳንባውን በልቶ በጎልማሳነቱ ወሰደው። አንቲዮጉ ያንን ሳል ከግድግዳ ወዲያ እየሰማ ስላደገ፣ ከሞትም ከሲኦልም በላይ የሚፈራው ጉድጓዱን ነበር። ቡጢ የጀመረው በቅድስት ባርባራ በዓል ነው፤ የማዕድን ሠራተኞች ጠባቂ እሷ ናት፣ በበዓሏም ጎረምሶቹ አደባባይ ላይ ጓንት አጥልቀው ይጋጠማሉ። ሲያዩት ነፋስ የሚጥለው ይመስል ነበር። ያ ቀጫጫ አንዱን ጠብደል አንጥፎ ሲያስተኛው፣ የድሮው ቡጢኛ አጎት ራይመንዱ አየውና "ይሄ እጁ አይታይም" ብሎ ወሰደው። ከዓመታት በኋላ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ ሮም ላይ ፈረንሳዊውን ጥሎ የአውሮፓን ቀበቶ ታጠቀ። በተመለሰ ቀን ሠራተኞቹ ከነጥላሸታቸው ትከሻቸው ላይ አውጥተው ከተማውን ሲያዞሩት ነጭ ሸሚዙ ጠቆረ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አለቀቀም።

ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ካስከበረ በኋላ ወይን ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈስ ጀመር። መጀመሪያ ተሳሳቅን። በር ሲገጨው ግን ሳቄ ቆመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና፣ እየጎተትኩ ካልያሪ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙም ሳያለሳልስ ነገረን፤ ግራው ጠፍቷል፣ ቀኙም በዚያው መንገድ ላይ ነው፣ አንድ ከባድ ምት ካረፈበት አበቃ።

አውቶቡስ ውስጥ "በቃ፣ ቀበቶውን መልስላቸው" አልኩት።

"መልሼስ? ጉድጓድ ልውረድ?"

"ታውረህስ ምን ትሠራለህ?"

"ጉድጓድ ውስጥ ዓይን ምን ይሠራል፣ ቦናሪያ? እዚያ ሁሉም ዕውር ነው።" ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እስክንደርስ እጁን አልለቀቅኩም።

የቀረው ጀርመን አገር፣ ዶርትሙንድ ላይ ከጀርመናዊው ጋር የሚደረገው ግጥሚያ ነው፤ ከዚያ በኋላ የራሱን የቡጢ ቤት ከፍቶ ሊያርፍ። ብለምነው አልሆነም፣ ባለቅስበት አልሆነም። መላውን የዘየደው አጎት ራይመንዱ ነው።

"አንቺ ከሪንጉ ሥር ትቀመጫለሽ" አለኝ። "በታወረው በኩል የሚመጣበት የጀርመኑ ቀኝ እጅ ሲነሳ ትጮሂለታለሽ። በጣሊያንኛ አይደለም፤ እሱን ዓለም ያውቀዋል። በእኛው ቋንቋ። የእኛን ከባሕሩ ወዲያ ማን ይሰማዋል?"

ይሄ የደሴት ሰው ትዕቢት ነው። ባሕሩን ከተሻገርን አፋችን የተቆለፈ ሣጥን ይመስለናል። ጉድ እኮ ነው፤ ልጆቻችንን ወደ ጀርመን ጉድጓዶች ወደብ ላይ እያለቀስን የሸኘናቸው እኛው ነን፣ አንዳችንም ግን ትዝ አላለንም። እኔም እሺ አልኩ። እምቢ ብል ያለ እኔ መግባቱ አይቀርም ነበር።

ግጥሚያው ተጀመረ። "ቀኙ መጣ!" ስል ጎንበስ ይላል፣ ጓንቱ ፀጉሩን ታክኮ ያልፋል። "መጣ!" ጎንበስ። ጀርመኖቹ ሚስትየዋ አበደች ብለው ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ዓይኔን ሳልጨፍን ቆይቼ እንባዬ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ብጨፍን፣ ባስነጥስ፣ ድምፄ ቢዘጋ የባሌ ብርሃን በዚያች ቅጽበት ይጠፋል።

በነጥብ እየመራን ሳለ በጀርመናዊው ማዕዘን ባልዲ የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝ። ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ጠባሳ አለ። ይህን ጠባሳ ማንም አያስተምረኝም፤ ከሰል ቁስል ውስጥ ገብቶ ሲሽር ነው እንደዚያ የሚሆነው። ወደብ ላይ ከሸኘናቸው ልጆች አንዱ ቢሆንስ? የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ለካ እውነት ነው።

በዕረፍቱ ውሃ የሚቀዳ መስሎ አጠገቤ መጣ።

"እህቴ" አለኝ፣ በዚያው በእኛው ቋንቋ። "በግራው አያይም፣ አይደል?"

"ለአለቃህ ከነገርከው ትገድለዋለህ።"

"ለእሱ አልነግርም። ልንገር ካልኩ ለግጥሚያው ሐኪም ነው። አንድ ጊዜ ቢያመልጥሽስ?"

"ቀበቶውን ይነጥቁታል። ጉድጓድ ሊገባብኝ ነው።"

"እኔ ጉድጓድ ነው የምውለው" አለ። "ሲመሽ ወጥቼ ልጆቼን አያለሁ።"

በዚያው ደወሉ ተደወለ። እሱ ባልዲውን ይዞ ቆመ፣ እኔ ወደ ሪንጉ ዞርኩ፤ ግን ልቤ እዚያው ሰውዬው ጋ ቀርቶ ነበር። የጀርመናዊውን እጅ አየሁት። ጮህኩም። ዘግይቼ ነው። ቡጢው ቀኝ ቅንድቡን ሰነጠቀው፣ ደሙ ደህናዋ ዓይኑ ላይ ወረደ። ያን ጊዜ ወደ ባለባልዲው ዞሬ፣ እሺ ንገረው በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። ጎንበስ ብሎ ሐኪሙ ጆሮ ላይ ሲያንሾካሹክ አየሁት።

ዳኛው ግጥሚያውን አቆመ። ሐኪሙ ወጥቶ የአንቲዮጉን ቀኝ ዓይን በመዳፉ ከደነና ሌላውን እጁን ፊቱ ላይ አነሳ። ሁለት ጣት ነው። ዳኛው በሰባራ ጣሊያንኛ "ስንት?" አለው።

አንቲዮጉ አንገቱን ወደ እኔ አዘነበለ። አንዲት ቃል በቋንቋችን ብተነፍስለት የሚገባው ከባለባልዲው በቀር ማንም አልነበረም።

"ቦናሪያ፣ አለሽ?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"አለሁ" አልኩት።

ጠበቀኝ። ሐኪሙም ጠበቀ። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ቆምኩ።