ጅብ የበላው ውሻ

ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው የሆነው። የውሃ ጣሳ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም ያናድደኛል።

ከሐረር ከተማ በላይ፣ ሐኪም ጋራ ተራራ ላይ ነው የምኖረው። ማለዳ ሽንኩርቴን ይዤ ወደ ጊደር መጋላ ገበያ ስወርድ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ባቴን ዘነጠለኝ። አልጮኸም፣ አላስጠነቀቀም። ሌሊቱን ጅብ በላው። ጠዋት የቀረው ጭራው ብቻ ነበር።

እኛ ሐረር ጅብ ጋኔን ይበላል እንላለን። ጎረቤቴ አው ዩሱፍ፣ ሰፈሩ የሚሰማቸው ሽማግሌ፣ ደስ አላቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ከነበሽታው ወስዶልሃል» አሉኝ። «አበቃ።»

ልቤ አረፈ። ሚስቴ ግን አላረፈችም፤ እየነዘነዘች ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ነርሷ ያበደ መሆን አለመሆኑ እንዲታይ ውሻው ታስሮ እንደሆነ ጠየቀች። ጅብ በላው አልኳት። ጅቡን አምጣው ልትለኝ መስሎኝ ነበር። ቁስሌን በሳሙና እስክትልጠኝ አጠበችው፤ ዙሪያውን ወጋችኝ፣ ክንዴንም ወጋችኝ። ጨረሰች ስል ደግሞ ለሌላ መርፌ ይመለሳሉ ተባልኩ። አንዴ ተወግቼ የለም ወይ ብዬ ተቆጣሁ።

«ቁስልዎ ላይ የወጋሁት የውሰት መከላከያ ነው፤ ቶሎ ያልቃል» አለች። «የራስዎን የሚሠሩት ሴሎች ገና ጥሬ ናቸው፤ በሽታውን አያውቁትም። ክትባቱን እየደጋገሙ ሲያገኙት ይበስላሉ። መከላከያ ፕሮቲኑን በብዛት የሚያመርቱት የበሰሉት ናቸው። በሽታው ቀድሟቸው ጭንቅላትዎ ከደረሰ ግን መድኃኒት የለውም።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ደሜም እንደኔ ሳይማር ነው የኖረው ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ። ሳቄ መጣ። ላልመለስ ወስኜ ወጣሁ። መርፌ እጠላለሁ፤ ነርስም አልወድም። ደግሞስ አው ዩሱፍ አበቃ ብለው የለ?

ከሰዓት እንደልማዳችን ጫት ልንቅም ተሰበሰብን። ጣሳው ዞሮ ደረሰኝ፤ ጠጣሁና ለአው ዩሱፍ አቀበልኳቸው። ተቀበሉ። ጠርዙን አዩት። ምንጣፉ ላይ አስቀመጡትና አልጠማኝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ሌላ ኩባያ አስመጥተው ጠጡ።

የቀሩትም ጣሳውን አልነኩት። ገባኝ። በሽታው ከጅቡ ጋር ሄዷል ብዬ ያመንኩት እዚያ ቤት ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። እነሱ ቀብሬን ነው የሚጠብቁት፤ ቀብር ላይ ደግሞ አይቀሩም።

በቀጠሮዬ ቀን ነርሷ በሩን ሳትከፍት ደረስኩ።

«እነዚያ ጥሬዎች በሰሉ ወይ ብዬ ነው» አልኳት።

«የእርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔን ይጠይቁኛል?» አለች። «ክንድዎን ይስጡኝ።»

መርፌውን እስከ መጨረሻው ተወጋሁ።

ይኸው አለሁ። ሴሎቼ ትምህርታቸውን ጨርሰዋል፤ እኔ ጋዜጣ ሳነብ አሁንም መስመሩን በጣቴ ነው የምከተለው። አው ዩሱፍ ቂም ይዘሃል ይሉኛል። ይዣለሁ። ጫት ስንቅም አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ጣሳው ሲመጣ ቀድሜ እጎነጭና በሁለት እጄ፣ በአክብሮት፣ አቀብላቸዋለሁ። እስኪጠጡም ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ።